ጥርስ ባዳ ነው

ፖላንዶች አይስቁም ይባላል። ይህን ፍርድ የሚሰጡት ዋርሶ ገብተው ሦስት ቀን ያደሩ መንገደኞች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋኝ፤ አሥር ዓመት የኖሩ ያገሬ ልጆችም ቡና ላይ በተሰበሰብን ቁጥር ይህንኑ ያነሳሉ። «ባለሱቋ ገላመጠችኝ»፣ «ጎረቤቴ ፊቱን ቋጠረብኝ»፣ «አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ አላየሁም»። ከዚያ ማሳረጊያው ይከተላል፦ «ዘረኞች ናቸው፣ በቃ!» በሌላ ወገን ፖላንዳውያን ወዳጆቼ አሉ። እነሱ ደግሞ «እኛ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን፤ ቅኝ ግዛት ኖሮን አያውቅም፤ ዘረኝነት የምዕራቦቹ በሽታ ነው» እያሉ ይሟገቱኛል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። ዛሬ ጠቡን ወረቀት ላይ ላውጣው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ከያገሬ ልጆች ልጀምር። የእኛ ሰው ፈገግታን እንደ መታወቂያ ወረቀት ይቆጥረዋል፤ ያላሳየ ተጠርጣሪ ነው። ግን የገዛ ቋንቋችን ምን ይላል? «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ልብ እያረረ ጥርስ ሊስቅ እንደሚችል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን አባባል ለልጅ ልጁ ያወረሰ ሕዝብ፣ ጥርሱን ያላሳየውን ሁሉ ጠላት ብሎ ሲፈርጅ ይገርመኛል። ፖላንዳዊ ለማያውቀው ሰው አይስቅም። ለጥቁሩም፣ ለነጩም፣ ለገዛ ያገሩም ልጅ አይስቅም። ይኸው ኮስታራ ሰውዬ ግን ሊፍት ውስጥ ሲገባ «ጄን ዶብሪ»፣ ሲወርድ «ደህና ሁኑ» ሳይል አይቀርም። ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቂያው ክፍል የገባ ሁሉ የተቀመጡትን በጅምላ ሰላም ብሎ፣ «የመጨረሻው ሰው ማነው?» ብሎ ጠይቆ ተራውን ይይዛል። ወረፋውን የሚያስከብር ዘበኛ የለም፤ ሁሉም ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ያውቃል። ይህ ለእኔ ከሺህ ፈገግታ ይበልጥብኛል።

ቋንቋቸውንም ያየ ሰው አይበርዳቸውም። እንደኛው አንቱታ አላቸው እኮ! ወንዱን «ፓን»፣ ሴቷን «ፓኒ» ካላልክ በስተቀር የማታውቀውን ሰው ማናገር ነውር ነው። ደግሞ እንደ እኛ «እሳቸው» ሰውየውን ፊት ለፊት እያናገሩት በሦስተኛ መደብ ነው የሚጠሩት፤ «ጌታው ቡና ይፈልጋሉ?» እንደማለት ነው። ከአንቱታ ወደ አንተታ ለመሸጋገር ሥርዓት አለ፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ታላቁ ነው፤ አንዳንዴም ክንድ ለክንድ ተቆላልፎ አንድ አንድ መለኪያ ቮድካ መጨለጥ አለበት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እንግዳ ይህን ሁሉ «ቅዝቃዜ» ብሎ ቢያልፈው ይቅር እለዋለሁ፤ አንተ እና አንቱን የሚለይ ቋንቋ የለውምና ምን ያድርግ። አማርኛ ተናጋሪ ግን ምን ምክንያት አለው? አያቱን «አንተ» ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ርቀት ማለት ጥላቻ እንዳልሆነ ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ተምሮታል።

ማማረራቸውስ? አዎ፣ ያማርራሉ። «እንዴት ነህ?» ስትለው «ስታራ ቢየዳ» ይልሃል፤ ቃል በቃል «ያው የድሮው ችጋር» ማለት ነው። ይህን የሚልህ ሰው መኪና አለው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቲማቲምና ጽጌረዳ የሚኮተኩትበት ቁራሽ መሬት አለው፣ በበጋ ክሮኤሺያ ባሕር ዳር ተጋድሞ ይመጣል። የእኛ ሰው ደግሞ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ አለበት፤ ጥርሱ ያመዋል፤ ሚስቱ አኩርፋለች፤ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ተመስገን ነው፣ ምንም አይል!» ይላል። የትኛው ነው እውነተኛው? የኛን ምስጋና ለማቃለል አይደለም፤ ከሃይማኖት የመጣ ነውና አከብረዋለሁ። ግን የፖላንዳዊው እሮሮም የራሱ ትርጉም አለው። በ1981 ሥጋ በካርድ ሲታደል ሌሊቱን ሙሉ በየተራ እየተፈራረቁ ወረፋ የጠበቁ ሰዎች አገር ነው። ወረፋ ላይ የሚወራው ደግሞ እሮሮ ነበር፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚወዳጀው መንግሥትን አብሮ በማማት ነበር። በልጅነቱ ለስኳርና ለሳሙና በቀበሌ ሱቅ የተሰለፈ የኔ ዘመን ሰው ይህ ይጠፋዋል? ፖላንዳዊ «ሁሉም ነገር ግሩም ነው» ካለህ ገና አላመነህም ማለት ነው። ሲያማርርልህ ወንበር ስቦልሃል።

ሌላም ሌላም አለ። ቤታቸው ስትገባ ጫማህን አውልቀህ የቤት ጫማ ትቀበላለህ። አበባ ይዘህ ከሄድክ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ሙሉው ለቀብር ነው። ከገጠር መጥቶ ዋርሶ የሚሠራው ወጣት በየሳምንቱ መጨረሻ ከእናቱ ዘንድ በብርጭቆ ዕቃ የታሸገ ወጥና ጎመን ተሸክሞ ስለሚመለስ፣ ዋርሶዎች መጤውን ሁሉ «ስዎይክ» እያሉ ያሾፉበታል፤ ብልቃጥ እንደማለት ነው። ከእናቱ ቤት ሽሮና በርበሬ ቋጥሮ ያልተመለሰ አዲስ አበቤ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ! የአጃ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ለቀናት አብኩተው የሚሠሩት ዡር የሚባል ሾርባ አለ፤ የአብሲቱን ሽታ የሚያውቅ አፍንጫ እንግድነት አይሰማውም። ነሐሴ መጀመሪያ ቀን ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዋርሶ በሳይረን ትጮሃለች፤ መኪናው ይቆማል፣ እግረኛው ይቆማል፣ የ1944ቱ አመፅ ይታሰባል። ጦርነቱ ሲያልቅ ከከተማይቱ ሕንፃዎች 85 በመቶ ያህሉ ፍርስራሽ ነበር። የኅዳር መጀመሪያ ቀን ደግሞ አገር በሙሉ መካነ መቃብር ይወርዳል፤ ማታ ላይ ከሩቅ ሲያዩት መቃብሩ በሻማ ብዛት እንደ ደመራ ያበራል። ሙታኑን እንዲህ የሚያከብር ሕዝብ ልቡ ደረቅ ነው ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው።

አንድ የግሌን ልጨምር። የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ አንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ አመላልሶኛል። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴም አልሳቀችልኝም። ግን የተሳሳትኩትን ቅጽ በራሷ እስክሪብቶ አስተካክላ፣ የጎደለውን ወረቀት ስም በትልቁ ጽፋ ሰጥታኛለች። ጉዳት ያደረሰብኝ የእሷ ፊት አይደለም፤ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት እንዲንሳፈፍ የሚፈቅደው አሠራር ነው። ያገሬ ልጆች ግን የሚያሙት ፊቷን ነው! ፊት ማማት ቀላል ነው፤ ሕግ ለማማት ማንበብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ፖላንዳውያን ወዳጆቼ ልዙር፤ እስካሁን ሲያነቡኝ ቢሆን ኖሮ በደስታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሆን ነበር።

«ሙዢን» የሚል ቃል አላቸው። ጥቁር ሰው ማለት ነው፤ አመጣጡ «ሙር» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ስድብ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው፣ የድሮ ሰው ያለ ክፋት ይናገረው ነበር። ዩልያን ቱቪም በ1930ዎቹ ስለ አንድ አፍሪካዊ ሕፃን የጻፈውን የልጆች ግጥም በቃሉ የማይወጣ ፖላንዳዊ ብርቅ ነው፤ ልጁ እንዳይነጣ ፈርቶ መታጠብ የሚሸሽ ነው። ቱቪም ራሱ በይሁዲነቱ በጋዜጣ ሲብጠለጠል የኖረ፣ ክፋት ያልነበረበት ሰው ነው። ነገር ግን ቃል የሚኖረው በግጥም ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በየምሳሌያዊ አነጋገሩ ውስጥ ነው የሚገለጠው። መንገዱ ሲበላሽ «ከሙዢኖች መቶ ዓመት ወደ ኋላ ቀርተናል» ይላሉ። ያለ ዕረፍት የሚሠራውን ሰው «ነጭ ሙዢን» ይሉታል። እስቲ ንገሩኝ፣ ድህነትና ባርነት የሌለበት አንድ ፈሊጥ ከዚህ ቃል ጋር ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ፈልጌ አጣሁ። በ2020 እዚያው ተወልደው ያደጉ ጥቁር ፖላንዳውያን ሴቶች «በዚህ ቃል አትጥሩን» ብለው ሲነሱ፣ የተማረው ሰው ሳይቀር «ቋንቋችንን ልታስተምሩን ነው ወይ?» ብሎ ተቆጣ። የገዛ ቋንቋቸው እኮ ነው! በ2021 የፖላንድ ቋንቋ ምክር ቤት ቃሉ ገለልተኛነቱን ያጣ፣ በአደባባይ ንግግር ሊቀር የሚገባው መሆኑን አስታወቀ። ክርክሩ ግን አላለቀም።

«ቅኝ ግዛት አልነበረንም» የምትለዋ መከላከያ ደግሞ ግማሽ እውነት ናት። አልነበራቸውም፤ መመኘትስ? ከሁለቱ ጦርነቶች መካከል «የባሕርና የቅኝ ግዛት ማኅበር» የሚባል ነበራቸው፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ አባላቱ ወደ 1 ሚሊዮን ተጠግተው ነበር። በየከተማው «ቅኝ ግዛት እንፈልጋለን» እየተባለ ሰልፍ ይወጣ ነበር፤ ላይቤሪያና ማዳጋስካር ላይ ዓይናቸውን ጥለው ነበር። 123 ዓመት በሦስት ነገሥታት ተቀራምታ ከካርታ ላይ የጠፋች አገር፣ በ1918 ነጻ በወጣች በሃያ ዓመቷ የሌላውን መሬት ስትመኝ ማየት ያሳዝናል። ያልሰረቀ ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ ተራው ያልደረሰውም አለ።

እዚህ ላይ ያገሬ ልጆች እያጨበጨቡ እንደሆነ ይሰማኛል። ቆይ፣ ቆይ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። እኛስ «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» የሚሉትን ቃላት ከስንት ተረትና ምሳሌያችን ውስጥ አወጣናቸው? የጋምቤላው ልጅ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ከየት አገር ነው የመጣኸው?» ሲባል፣ እሱ በገዛ አገሩ ነው እንግዳ የሚደረገው። ክራኮቭ መንገድ ላይ አንድ ሕፃን ጣቱን ቢቀስርበት አገር ይያዝልኝ የሚለው ሰውዬ፣ መርካቶ ላይ «ቻይና! ቻይና!» ሲባል በልጅነቱ አብሮ የጮኸ ነው። እና «እኛ ቅኝ አልተገዛንም» እና «እኛ ቅኝ አልገዛንም»፣ ሁለቱም ስንፍና ናቸው፤ አያት የሠራውን አንስቶ ለልጅ ልጅ ማመካኛ ማድረግ።

ስለ መጻሕፍት ሳልናገር ባልፍ የቀድሞ ሙያዬ ይታዘበኛል። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስል የተማረው ፖላንዳዊ ዓይኑ ይበራል፤ «ካፑሽቺንስኪ!» ይላል። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 ያሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» ማለቱ ነው። ከዚያ ስለ ሉሉ፣ ስለ ጃንሆይ ትንሽ ውሻ፣ እንዲሁም ውሻዋ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና ይጠርግ ነበር ስለተባለው አሽከር ይተርክልኛል፤ ለእኔ! መጽሐፉ ድንቅ ነው፤ ይህን አልክድም። ደራሲው ለቤተ መንግሥት ሰዎቹ የፈጠረላቸው ያረጀ የፖላንድኛ ለዛ የአንድ ትልቅ ጸሐፊ ሥራ ነው። የዚያን ጊዜው ፖላንዳዊ አንባቢም ስለ ማን እንደተጻፈ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ዙፋኑ የኮሚኒስት ፓርቲው፣ ንጉሡ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ኤድቫርድ ጌሬክ ነበር። ጃንሆይን ጭምብል አድርገው የራሳቸውን አለቃ አሙበት። ይሁን፣ ሰም እና ወርቅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ጌሬክ በ1980 ከሥልጣን ወረደ፤ ጭምብሉ ግን እኛ ፊት ላይ ተለጥፎ ቀረ። ወርቁ አለቀና ሰሙ ታሪክ ሆነ። ንጉሡ ማንበብ ልማዳቸው አልነበረም የሚለውን የመጽሐፉን ወሬ ስንቱ አምኖታል! የሕይወት ታሪካቸውን በሁለት ቅጽ ጽፈው የተዉ ሰው ናቸው እኮ። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሃሮልድ ማርከስ በ1990 መጽሐፉን እየነቀሰ ተችቶታል፤ አርቱር ዶሞስዋቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ጋዜጠኛም በ2010 ባሳተመው የካፑሽቺንስኪ የሕይወት ታሪክ እውነቱና ፈጠራው የተቀላቀለበትን ቦታ ሳይፈራ አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት፦ መጽሐፉን ከታሪክ መደርደሪያ አንስታችሁ ልቦለድ ያለበት አስቀምጡት። እዚያ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የልቦለድ ነገር ከተነሳ፣ «የካሊ ሥነ ምግባር» የሚሉት ፈሊጥ አላቸው። ካሊ የኖቤል ተሸላሚው ሄንሪክ ሼንኪየቪች በ1911 በወጣው የልጆች ልቦለዱ የፈጠረው አፍሪካዊ ወጣት ነው፤ የሰው ላም ሲሰርቅ መልካም፣ የሱ ላም ሲሰረቅ ክፉ ይመስለዋል። ፖላንዳውያን ግብዝነትን መንቀፍ ሲፈልጉ የዚህን ልጅ ስም ይጠራሉ። በሁለት ሚዛን መመዘንን በጥቁር ልጅ ስም ሰየሙት። ታዲያ እኔም የዚህን ልጅ ስም ይዤ ወደ ድንበራቸው ልሂድ።

የገና ዋዜማ ማዕዳቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ሥጋ የለበትም፤ እንደኛ ጾም ነው ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል፤ ከሁሉ በፊት ነጭ ስስ ቂጣ ቆርሰው ይመራረቃሉ። እና ገበታው ላይ አንድ ሰሐን፣ አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል፤ ላልታሰበው እንግዳ ነው። «መሽቶብኛል፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲባል በር የሚከፈትበት አገር ሰው ነኝና፣ ያንን ባዶ ወንበር መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጉሮሮዬ ተያዘ።

በየካቲት 2022 ዩክሬን ስትወረር ወንበሩ ጌጥ እንዳልነበረ አሳዩ። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድንበር ተሻገረ፤ ተራው ሰው መኪናውን አስነስቶ ሜዲካና ፕሼሚሽል ድረስ ሄዶ የማያውቃቸውን እናቶችና ሕፃናት ቤቱ አመጣ። መንግሥት ገና ሳይነቃ ሕዝቡ ሠርቶት ነበር። ይህን ያየ ሰው «ቀዝቃዞች» ቢል ዓይኑን ይታከም እላለሁ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ጦርነት የሸሹ አፍሪካውያን ተማሪዎች ከባቡርና ከወረፋ ወደ ኋላ ተገፍተዋል፤ የአፍሪካ ኅብረት መግለጫ እስከማውጣት ደርሷል። ፕሼሚሽል ከተማ ውስጥም ቡድን ፈጥረው ቆዳቸው የጠቆረውን የደበደቡ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ደግሞ፣ የቤላሩስ ድንበር ላይ፣ ከ2021 ጀምሮ ሌላ ታሪክ ሲጻፍ ነበር። የሚንስክ መንግሥት ሰዎችን እንደ ድንጋይ እየወረወረ ወደ ድንበር እንደሰደዳቸው አውቃለሁ፤ በ2024 አንድ ፖላንዳዊ ወታደር በአጥሩ መካከል ተወግቶ መሞቱንም አውቃለሁ። ድንበር መጠበቅ የማንኛውም መንግሥት መብት ነው። ግን ከቢያዎቪዬዣ ደን ውስጥ በውርጭ የተገኘ፣ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው፣ ጫማው እንደረጠበ ተመልሶ በአጥር ቀዳዳ ወደዚያው ደን ሲጣል የትኛው ድንበር ነው የሚጠበቀው? በ2022 186 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 5 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የብረት አጥር ተጠናቀቀ። ያንን መንግሥት «ጨካኝ» ሲል የነበረው ተቃዋሚ ሥልጣን ሲይዝ፣ በመጋቢት 2025 በዚያ ድንበር ጥገኝነት የመጠየቅን መብት ራሱን በሕግ አገደ፤ እገዳውንም አራዘመ። ከደኑ ከሚወጡት መካከል ባለፉት ዓመታት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል። ለእኔ ይህ የጋዜጣ ዜና ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ላስታውሳችሁ፣ ወዳጆቼ። ስታሊን ወደ ሳይቤሪያና ካዛኪስታን ያጋዛቸው ፖላንዳውያን ከ1942 ጀምሮ በኢራን በኩል ሲወጡ፣ 20 ሺህ የሚጠጉት፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ የተጠለሉት የት ነበር? አፍሪካ ነበር። አሩሻ አጠገብ ተንገሩ የምትባል ቦታ ብቻዋን 5 ሺህ ያህሉን አኑራለች፤ መቃብራቸው ዛሬም እዚያ አለ። እናንተም ብድር መላሽ ነበራችሁ። በ1985 አገሬ በድርቅ ስታልቅ፣ እንግሊዞች ከአውሮፕላን እህል ሲጥሉ፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች እየቀደሙ መጣያውን ሜዳ ሲያመቻቹ ነበር። የራሳችሁ ሱቅ ባዶ በነበረበት ዘመን! ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ወንበሩን ማን እንዳስለመዳችሁ እንዳትረሱት ነው።

የረሱት ሁሉም አይደሉም። በ2021 መኸር ድንበር አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች መስኮታቸው ላይ አረንጓዴ መብራት ሰቀሉ፤ «እዚህ ምግብና ሙቀት አለ፣ አሳልፈን አንሰጥህም» ማለት ነው። ከዚያው አካባቢ ቦሆኒኪ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ንጉሥ ያን ሶቢየስኪ በ1679 መሬት የሰጣቸው የታታሮች መንደር ናት። ሙስሊሞች ናቸው፤ ፖላንድኛ ነው የሚናገሩት፤ ለፖላንድ ተዋግተው ሞተዋል። ደኑ ውስጥ የሞቱትን ስደተኞች ማን ይቅበር ሲባል የወጡት እነሱ ናቸው። ሶርያዊውን፣ የመናዊውን፣ በእናቱ ማሕፀን ሳለ የሞተውን የኢራቃዊቷን ጽንስ፣ በገዛ አባቶቻቸው መካነ መቃብር አፈር አለበሷቸው። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ስማቸው አልታወቀም።